ሀብተጊዮርጊስ የመለሰው መልእክት

የመስቀል ሰሞን ነበር። ዓለምዘውድ ቡታጅራ ባለው ቤቷ ጓሮ የቆጮ ጉድጓዷን ከፍታ ያረጀውን የእንሰት ቅጠል በአዲስ ስትተካ፣ አንድ ሰው በደጅ በኩል የተቆለፈውን የባሏን መሥሪያ ክፍል እያንኳኳ ተጣራ።

"ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ!"

እጇ ቅጠሉ ላይ ቀረ። ባሏ ሀብተጊዮርጊስ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ተዝካሩም ወጥቷል። እንዲህ ስሙን የሚጠራ ድምፅ ከዚህ በፊትም ሰምታ፣ እስክትደርስ ደጁ ባዶ ሆኖ አግኝታዋለች። አእምሮዋን ነካት እንዳይሏት ለማንም አልተናገረችም። አሁን ግን ሮጣ ወጣች።

"ሰላም ዐለይኩም፣ እናቴ። ሙስተፋ እባላለሁ። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ልከፍት ነው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አሉ?"

"ምን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?"

"የቀንድ ማንኪያ በዌብሳይታቸው አዝዤያቸው ነበር። ትናንት እንደምመጣ ጻፍኩላቸው፣ ወዲያው መለሱልኝ።"

"ማን መለሰልህ?"

"እሳቸው ናቸዋ! 'መልእክትዎ ደርሶኛል፣ በቅርቡ እንገናኛለን' አሉኝ። ስማቸውም ከሥሩ አለ።"

ባሏ ሲሠራ የሚሸተው የተቃጠለ ቀንድ ሸተታት። በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።

"እሱ እኮ አርፏል።"

"ኧረ አይቀልዱ፣ እናቴ" ብሎ ሊስቅ ሲል ጥቁር ልብሷን አየና ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። "ታዲያ... ያ ማን ነው?"

ይሄኔ ዮሲ ትዝ አላት። የባሏ የእኅት ልጅ ነው፤ ሀብተጊዮርጊስ ሳይታመም ኮምፒውተሩን አንግቶ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ ዌብሳይት ካለህ ገበያው ራሱ እየፈለገህ ይመጣል" ብሎት ነበር።

"ማን ይጠብቀዋል?" አለ ሀብተጊዮርጊስ።

"ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል? አንዴ ከተሠራ ራሱን ችሎ ይኖራል።"

"እንደ ጉድጓድ ቆጮ ነው በለኛ" ያለችው እሷ ነበረች። "ቀብረውት ሲቆይ ይጣፍጣል።" ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሙስተፋን አስከትላ የሰፈሯ ልጅ ሲፈን ወደምትሠራበት ኢንተርኔት ቤት ሄደች። ሲፈን የይለፍ ቃሉን ከዮሲ በስልክ ጠይቃ ገጹን ከፈተችው። ሀብተጊዮርጊስ ክርኑን ዓለምዘውድ በጠቀመችው ቡናማ ሹራቡ፣ ማንኪያ ይዞ ብቅ አለ። ከሥሩ "ዘወትር ከመሥሪያ ክፍሌ አልጠፋም፣ ኑ" ይላል።

"መልሱን የሚልከው ማሽኑ ነው፣ እትዬ" አለች ሲፈን። "ለጻፈ ሁሉ ያንኑ ይልካል።"

ከዚያ የሰዎቹን መልእክት አነበበችላት። አንዷ ለልጇ ሠርግ፣ አንዱ ለአባቱ ስጦታ ማንኪያ ለምነዋል። ሁሉም "በቅርቡ እንገናኛለን" ተብለዋል። ዓለምዘውድን ያርበደበዳት ይሄ ነው። ባሏ ቀንዱን በእሳት አለስልሶ ሲቀርጽ፣ እሷ ደግሞ እንደ መስተዋት ፊት እስኪያሳይ ስትወለውል፣ አብረው አርጅተዋል፤ ለመስቀል ይደርሳል ካለ ይደርሳል እንጂ ቃሉን አጥፎ አያውቅም ነበር። አሁን ከመቃብር ሆኖ አገሩን ሁሉ እየዋሸ ነው።

"ቆጮስ ቢሆን ቅጠሉ ካልታደሰ ይበላሽ የለ?" አለች ዝግ ብላ። "ይህን እያወቅሁ! ሲፈንዬ፣ ያንን መልስ አጥፊልኝ። ለሁሉም ጻፊላቸው፤ እሱ አርፏል፣ ማንኪያውን ሚስቱ ትሠራለች በያቸው።"

"እርስዎ መቅረጽ ይችላሉ?" አለ ሙስተፋ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ካላማረህ ትመልሰዋለህ።" ከዚያ ወደ ሲፈን ዞረች። "ከማጥፋትሽ በፊት ግን እኔም ልጻፍለት። በሩን ልከፍተው ነው በይልኝ።"

ሲፈን ጽፋ ላከች። እጇን ሳታነሳ መልሱ ደረሰ፤ "መልእክትዎ ደርሶኛል፣ በቅርቡ እንገናኛለን። ሀብተጊዮርጊስ።"

ማሽን መሆኑን የነገረቻት ሲፈን ራሷ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

"እሺ" አለችው ዓለምዘውድ ፎቶውን እያየች። "ግን አታስቸኩለኝ። የዚህ ልጅ ማንኪያ ገና አልተጀመረም።"

ከሰዓት በኋላ ቁልፉን አዞረች። ሁለት ዓመት እሳት ካልነደደበት ክፍል የተቃጠለ ቀንድ ሽታ፣ አሁን እንደተነሱበት ሥራ፣ ትኩስ ሆኖ ወጣባት። ጥቂት ቆመች። ከዚያ የመወልወያ ቦታዋን አልፋ፣ እሱ ሲቀርጽ ይቀመጥበት በነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠች።