ከባዱን ማውስ የሸጥሁላት ልጅ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ማጠብ ነበር። ልብስ እንዳይመስላችሁ፤ ማውስ ነው። ሓጅ ዑስማን ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱዳናዊ ናቸው። ከተዘጋ የኢንተርኔት ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ማውስ ገዝተው ኖሮ ወለሉ ላይ ዘረገፉትና «ያላ ዘሀራ፣ አዲስ አስመስዪልኝ» አሉኝ።

ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ማውስ የሚባለውን የማውቀው የአሠሪዎቼን ልጆች ጠረጴዛ ስወለውል አንሥቼ እዚያው ስመልሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እንደለመድሁት አደረግሁ። ሳፋ ውሃ ቀዳሁ፣ ሳሙና በተንሁበት፣ እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

ጥግ ላይ ተቀምጦ ዕቃ የሚጠግነው ሰውዬ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ በፈጠረሽ እትዬ! ልታሰጥሚያቸው ነው?» አለኝ በአማርኛ። መደንገጥ ሲገባኝ ያገሬን ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ተክሌ ይባላል። ተማሪ ሳለ አገር ጥሎ የመጣ ስደተኛ ነው። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ኋላ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ኮምፒውተር ሲጠግን እዚሁ ካርቱም ፀጉሩ ሸበተ። ሳፋውን ከእጄ ተቀብሎ ደፋውና ጥጥ፣ አልኮልና የጥርስ ስንጥር ሰጠኝ። የካቻቢቴ አያያዝም ያሳየኝ ያን ዕለት ነው። የማውስ ሆድ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት የሰው ፀጉር ነው፤ የሚሽከረከረው ጎማ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። ያን ቀን ያወጣሁት ፀጉር አንድ ሹሩባ ይወጣው ነበር።

ማምሻውን ሓጅ አንዱን አነሡ፣ ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩ፣ «ኩወይስ» አሉ። ደህና ነው ማለታቸው ነው። በማግሥቱ አትምጪ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ ካርቶን አዘጋጅተው ጠበቁኝ።

ሱቋ ጠባብ ብትሆንም ማዕረግ ነበራት። ሓጅ ከገንዘብ መሳቢያው ኋላ፣ ተክሌ ከቴስተሩና ከመበየጃው ጋር ጥግ ላይ፣ ሻጩ ባንኮኒው ላይ፣ እኔ ከመጥረጊያው ጋር በር ላይ። ሁለት ረመዳን እንዳለፈ ሻጩ ወደ ጂዳ ሄደና ሓጅ ባንኮኒው ላይ አቆሙኝ።

«ማንበብ አልችልም እኮ» አልኋቸው።

«ሳጥኑ ላይ ያለውን ተክሌ ያነብልሻል። አንቺ ሰው አታስቀይሚ፣ በቃ።»

ፊደሉን ኋላ ተክሌ አስቆጥሮኛል፤ ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ሲያስገባው፣ የምንሠራው አልነበረንም።

እናንተ አሁን በዚህ ሥራ ያላችሁ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው የጨዋታ ማውስ ሲጠይቃችሁ ባለ ገመዱን አሳዩት። ባትሪ አይጠይቅም፣ ጨዋታ መሃል ድንገት አይሞትበትም። ገመዱን ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ልቀቁት፤ እንደ ሽቦ ከቆመ ተዉት፣ እንደ ጫማ ክር ከተኛ ጥሩ ነው። ቁልፎቹን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ድምፃቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ከጎማው ኋላ ያለችው ትንሽ ቁልፍ የቀስቷን ፍጥነት ትለውጣለች፤ እጅ ትንሽ ሲንቀሳቀስ የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ያለችው ቀስት ምን ያህል እንደምትሮጥ ማለት ነው። ተክሌ ዲፒአይ ይላታል። ሳጥኑ ላይ ትልልቅ ቁጥር ይጽፉላታል፤ በቁጥሩ አትደንግጡ፣ እዚያ ድረስ የሚወጣ ሰው እኔ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው። መጀመሪያ የራሴ መለኪያ ነበረኝ። እናቴ ወሎ ገበያ ስትወጣ ጋቢም ይሁን አምባር ይሁን ድስት፣ መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ቀለል ካላት ትመልሰዋለች። ሳሳ ያለ ነገር ቤቷ አይገባም። እኔም ማውሱን እንደዚያ መመዘን ጀመርሁ። ሰባት ዓይነት ቀለም የሚያበራ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ድንጋይ የሚያክል አንድ ዓይነት ነበረን። እሱን አንሥቼ «ይኸው፣ ዕቃ ማለት ይህ ነው» እላለሁ። ሰውም ይወስዳል። ቆይቶማ «ሓጃ ዘሀራ የመዘነችውን ስጡኝ» እያለ የሚመጣ በዛ። ኮራሁ፣ ምን ልበላችሁ።

ራህማ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሁለታችንም ካላክላ ሰፈር ስለምንኖር ጧት ጧት ሀፍላ ውስጥ እንገናኛለን፤ እዚህ ሚኒባሱን እንደዚያ ነው የምንለው። እናቷ እንደኔ የወሎ ሴት ናት፤ እሷ ግን ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ከዐረብኛው ጋር ተሰፍቷል።

«ሀቦባ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ማውስ ደይራ ነኝ፤ እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።»

«ለምንሽ ልጄ?»

«ለሥራም ለጨዋታም። ሁለት መግዛት አልችልም፣ ማለሽ፣ ይቅርታ።»

አንድ ማተሚያ ቤት ለአንድ ወር ሙከራ ይዟታል። የሠርግ ካርድ ነው የሚያዘጋጁት፤ እሷ ቀን ሙሉ የሙሽሮቹንና የአበባውን ፎቶ ዙሪያውን እየተከተለች ከጀርባው ቆርጣ ታወጣለች። እናቷ ከእንግዲህ ሰው ቤት የምትሠራበት ጉልበት የላትም። ወሩ ሲያልቅ ራህማን ከቀጠሯት ቤቱ ይቆማል፣ ካልቀጠሯት እናቷ ተመልሳ ልትወጣ ነው።

«ጨዋታውስ?»

«ከኑሪ ጋር። ፖርት ሱዳን ያለው ወንድሜ። ስደውልለት ‹ደህና ነኝ፣ ኸላስ› ብሎ ይዘጋል። አብረን ስንጫወት ግን እየተኮሰ ያወራል፤ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳናደደው…»

«እየተኮሰ?»

«ጨዋታ ነው እኮ ሀቦባ! ወላሂ ማንንም አልገደለም።»

ከባዱን አንሥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት። ከፍ ዝቅ አደረገችው። «ትንሽ አልከበደም?» አለችኝ። «ሲለምድሽ ይቀላል» አልኋት። አምናኝ ወሰደችው።

ሁለት ሳምንት ቆይታ መጣች። የቀኝ እጇ አንጓ በእናቷ ሻሽ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ጣቶቿ አብጠዋል።

«ምን ነካሽ?»

«ማውሱ ደህና ነው ሀቦባ። እጄ ነው ሰነፉ። ከሰዓት በኋላ ያመኛል፣ እዘገያለሁ። ሙዲሩ ‹እስከ ሐሙስ አያለሁ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው አመጣለሁ› አለኝ።» ሙዲር ሥራ አስኪያጁ ነው። ቀኑ ደግሞ እሑድ ነበር። «ኑሪም ‹ተቆጥተሽኝ ነው?› ብሎ ጻፈልኝ። አምስት ቀን አልተጫወትሁም። እጄን አሞኛል ብዬ ብነግረው ሥራውን ትቶ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ።»

ማውሱን ከቦርሳዋ አውጥቼ ለተክሌ ሰጠሁት። እሱ ከሥሩ የተለጠፉትን የሚያንሸራትቱ ላስቲኮች በወረንጦ አነሣ፤ ብሎኖቹ ከነሱ ሥር ነው የሚደበቁት። ፈታቸውና ክዳኑን አነሣ። ውስጡ ላይ ብስኩት የሚያክል ጠፍጣፋ ነገር በማስቲሽ ተጣብቋል።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«ብረት።»

«ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። አንቺን ደስ ያሰኛል።»

ራህማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሠሪዎቹ ገዢው በመዳፉ እንደሚመዝን ያውቃሉ፤ ያ ብረት የገባው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ይህች ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እሱን ስትገፋ፣ ስትጎትት ከረመች። ከብዶኛል ብላኝም ነበር።

ተክሌ ብረቱን ፈንቅሎ አወጣው። ቢሆንም ማውሱ ለሷ አልሆነም። ጉብታው ለትልቅ እጅ የተሠራ ስለሆነ አንጓዋን ወደ ኋላ ይሰብረዋል፤ ገመዱም ደረቅ ነው፣ በገፋችው ቁጥር ይመልሳታል።

«ሌላ እንለውጥልሽ። ግን ዛሬ እኔ አልመርጥልሽም፤ ተቀምጠሽ እየሠራሽበት ነው የምትመርጪ» አልኋት። ሦስት ሳጥን ከመደርደሪያ አወረድሁ።

ሓጅ ከመሳቢያው ኋላ አዩኝ። በኛ ገበያ የታሸገ ሳጥን ሳይሸጥ አይከፈትም። ገዢው ባንኮኒው ላይ ያለውን ማሳያ ጨበጥ አድርጎ ይመልሳል፣ ሌላ የለም።

«ዘሀራ፣ ሳጥኑ ከተከፈተ ዕቃው አሮጌ ነው።»

«ሓጅ፣ ጫማ ሲገዙ እግርዎን አያስገቡም?»

«ጫማ ሌላ ነው።»

«ይህን ብረት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከበደኝ ስትለኝ ይለምድሻል አልኋት። ሐሙስ ሥራዋን ልታጣ ነው።»

ሓጅ ሙስበሓ የሚሉትን መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ የራህማን እጅ አዩት፤ ቆይተው ደግሞ እኔን አዩኝ። አስወጧት የሚሉ መስሎኝ ነበር። «በጥፍርሽ እንዳትቀጂው» አሉኝ። «በምላጭ ክፈቺ።»

ራህማን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥናት። «አንድ ሙሉ ጽጌረዳ ከነቅጠሉ ቁረጪ» አልኋት። የመጀመሪያው ማውስ ከእጇ እየሾለከ ቅጠሉን አስበጠሳት። ሁለተኛው ቁልፉ ጠንካራ ነው፤ ገና ከግማሹ ሳትደርስ ፊቷን ስታጨማድድ አየሁ፣ አስቆምኋት። ሦስተኛው ትንሽ፣ ጥቁር፣ አንድም ጌጥ መብራት የሌለው ነው። ገመዱ ልስልስ ያለ። ጽጌረዳዋን ጨርሳ ወደ ሁለተኛ አበባ ስትሻገር ስለእጇ ምንም አላለችም።

ለጨዋታውም ሞከርነው። ተክሌ ኢላማ የሚመታበት ጨዋታ ከፈተላት። ቀስቷን በአንድ ደረጃ አፈጠነች፤ ለመቁረጡ ዝቅ፣ ለጨዋታው ከፍ፣ በዚያች በትንሿ ቁልፍ። የጎኑ ቁልፍ ሥራ ላይ የተሳሳተውን ይመልስላታል፣ ጨዋታ ላይ መሣሪያ ይቀይርላታል። ተጠግተን ስናይ ከኋላችን «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ በስተቀኝ! በስተቀኝ ነው ያለው!» የሚል ድምፅ ሰማን። ሓጅ ናቸው፤ ወንበራቸውን ይዘው መጥተዋል።

ሌላም ነገር አየሁባት። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ በአንጓዋ ብቻ ነው የምትገፋው። ይህንንስ የማንም ሳጥን አልነገረኝም፣ አውቀዋለሁ። ቡሪ ለስምንት ሰው ልብስ እተኩስ ነበር። መጀመሪያ ዓመት በአንጓዬ ገፍቼ እጄ ተሳሰረ፤ አንዲት የቆየች ሴት ናት ከትከሻ መግፋት ያሳየችኝ። ከራህማ ኋላ ቆሜ ክርኗን ያዝሁ። «ካውያ እንደያዝሽ ቁጠሪው። አንጓሽ ይረፍ፣ ክንድሽ ይሂድ» አልኋት። ወንበሯ ላይ ሁለት ባዶ ካርቶን አጥፌ ከፍ አደረግኋት። ዐሥር አበባ ቆርጣ ትንሹን ጥቁር ማውስ ይዛ ሄደች።

ሰኞና ማክሰኞ ሀፍላው ውስጥ አጣኋት። ሐሙስ አንዱ ደንበኛ ቻርጀር ስጪኝ ሲለኝ ኪቦርድ አነሣሁለት። ዓርብ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ጧት ሀፍላው ሊነሣ ሲል ራህማ ሮጣ ገባችና ጎኔ ተቀመጠች።

«ቀጠረሽ?»

«አልጨረስሁም ሀቦባ። ሙዲሩ እስከ ሐሙስ ከሰጠኝ ሃያ ካርድ ዐሥራ ሦስቱን ነው የሠራሁ።»

ወደሷ ዞርሁ።

«ሙዲሩ አንድ በአንድ አየው። ‹እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?› አለኝ፤ ነገርሁት። ‹አቆራረጥሽ ንጹሕ ነው፤ እስኪሻልሽ ግማሽ ቀን ሥሪ፣ ከዚያ ሙሉ ትሆኛለሽ› አለኝ።» እያወራች ሻሹን ታስተካክላለች። «ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከኑሪ ጋር ትንሽ ተጫወትሁ። ዓሣ ማራገፊያው ላይ አዲስ ሥራ አግኝቷል። እሱን ሁሉ አወራኝ። ‹ዛሬ ቀስ ብለሽ ነው የምትጫወቺ› ቢለኝ ‹ማውሱ አዲስ ነው› አልሁት።»

«አልዋሸሽም» አልኋት። እስከ ሱቅ ዐረቢ እጇን ጭኔ ላይ ይዤላት ሄድሁ።

ያን ዕለት ሓጅን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ጋ ይቀመጥ ብዬ ለመንኋቸው። እምቢ አሉ። ወር ሳይሞላ ግን ጧት ስገባ አራቱን ራሳቸው ከፍተው፣ ገመዳቸውን አስተካክለው ደርድረውልኝ አገኘሁ። እዚያ ባንኮኒ ላይ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ሱቁን እስኪያዘጋው ድረስ ሠራሁ።

አሁን ከሸሸሁበት ካላክላ ተመልሼ ቤቴ ነኝ። አንዳንዴ ሰፈር ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ልጆች ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ማውስ ለሰው አትምረጡለት። ቀን የሚሠራውን ሥራና ማታ የሚጫወተውን ጨዋታ እዚያው ግማሽ ሰዓት አስሞክሩት። ከበደኝ ወይም አመመኝ ካለ ይለምድሃል አትበሉት፤ ሌላ አምጡለት።