የአደራ ቤቱ ቁልፍ

ርካሽ ቤት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ጉድ አለበት ብዬ ነው። አሰላ ውስጥ ከገበያው ኋላ ባለው አሮጌ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት በሌላው ሰፈር ኪራይ በግማሽ ዋጋ ሲሰጠኝም፣ ደስ ከማለት ይልቅ ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ፣ ጣሪያውን እያየሁ ዋልኩ። ጭቃው ጠንካራ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል እንጂ አያፈስም። ከአስፋልቱ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ረከሰ? አከራዩን ብጠይቀው፣ «ሰፈሩ አሮጌ ነዋ፤ ሰው ደግሞ አዲስ ይወዳል» ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ይህ የሆነው አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ሚስቴንና ሦስት ሴት ልጆቼን ይዤ ከሲሬ መጥቼ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ያለ አስተማሪ፣ በአሮጌ ጋዜጣና በጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው። በዚህም እኮራ ነበር፤ ብዙ እመክር፣ ብዙ እቆጣ ነበር። ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ማመንን ይተዋል። ከስንዴው ሥር ድንጋይ አግኝቻለሁ፤ ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የተረጨ ገብስ በእጄ ዳብሻለሁ። ልጆቼንም «ዓይናችሁ ያላየውን አትመኑ» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው።

ግቢውን የምንጋራው ከአንዲት ባልቴት ጋር ነበር። ልጆቼ እንደ አገሩ ኦሮምኛ፣ እናት እንደማለት፣ «አዴ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደ ልጆቼ አዴ እላቸዋለሁ። ከጓሮ ባለች አንድ ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። እርሻ የላቸውም፣ ሱቅ የላቸውም፣ የሚረዳቸው ልጅ የላቸውም። ግን ቤታቸው ቅቤ አይጠፋም፤ ገብስ አይጠፋም። ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው የገበያ ቀን ላይ ጥያቄዬ ባሰ። ከጠዋት ጀምሮ የገጠር ሰው በግቢያችን ይተራመስ ጀመር። አንዱ ጥቅል ይዞ ይገባል፣ ባዶ እጁን ይወጣል። ሌላው ባዶ እጁን ይገባል፣ ጥቅል ይዞ ይወጣል። የሚገርመው፣ ያስቀመጠውና የሚወስደው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ በራቸው አጠገብ ቆሜ አየሁ። ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ገባ፤ ስሙን አልተናገረም፤ ጣት የምታህል የእንጨት ስባሪ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። እሳቸውም ከአንድ ጥቅል ቋጠሮ ውስጥ ሌላ ስባሪ መዘው ሁለቱን ስባሪዎች ገጠሟቸው። ገጠሙ። ጥቅሉን ሰጡት፤ ሄደ።

«የሌባ ዕቃ መደበቂያ ነው» አልኳት ሚስቴን። «ቤቱ የረከሰው ለዚህ ነው።»

«ብትጠይቃቸውስ?»

«ሌባን ሌባ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ?»

«ሰላምታቸውን እንኳ በወጉ አትመልስም» አለችኝ። «ልጆችህ ሲታመሙብህ ግን ቅቤ አልሰጡህም?»

ቅቤው ራሱ አጠራጠረኝ እንጂ አላለዘበኝም። ወደ አጥቢያ ዳኛው ሄጄ ለመናገር ቆርጬ ነበር፤ የቀረኝ ማስረጃ ብቻ ነው። ማስረጃ የምፈልግበትን ቁልፍ የሰጡኝ እሳቸው ራሳቸው ሆኑ።

ገበያው አራት ቀን ሲቀረው ሮቤ ያለ ወንድማቸው ሞቶ ተረዱ። ፊታቸው በለቅሶ አብጦ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ፤ የክፍላቸውን ቁልፍ አወጡ።

«እንካ። እዚህ ግቢ ማንበብ የምትችል አንተ ብቻ ነህ፤ ማንበብ ባያስፈልገውም» አሉኝ። «ለገበያው እደርሳለሁ ኢንሻአላህ። ባልደርስ ግማሽ እንጨት ይዞ ለመጣ ሰው ጥቅሉ ላይ ካለው ግማሽ ጋር ግጠምና ጥቅሉን ስጠው። ስም አትጠይቅ። ምን እንዳለበትም አትጠይቅ።»

«እሺ አዴ፤ አላህ ያጽናዎት» አልኩ። ስም አትጠይቅ ማለታቸውን ግን በልቤ ያዝኩት።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ሚስቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ከፍቼ ገባሁ። ጥቅሎቹ በቁም ሳጥኑና በአልጋው ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ግማሽ እንጨት ተሰክቷል። እኔ በፊደል የማምን ሰው ነኝ። ምልክት ካለ ጽሑፍ መኖር አለበት ብዬ አሰብኩ፤ እንጨቶቹ ላይ የሌቦቹ ስም ወይም ቁጥር የተጫረ መሰለኝ። ሁሉንም ነቅዬ ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኳቸው። አገላብጬ፣ በአውራ ጣቴ አሻሽቼ አየሁ። ምንም የለም። የወይራ ስባሪ፣ የጽድ ስባሪ፣ የባሕር ዛፍ ስባሪ።

ከዚያ ጥቅሎቹን ፈታሁ። የሌባ ዕቃ አላገኘሁም። ጨውና ሳሙና ነበር። አንድ ሽቶ። አንዲት ሻሽ። ትራክተር መጥቶ ከመሬቱ ያስነሳው ጭሰኛ ያስቀመጠው መሆኑን በኋላ ያወቅሁት የበሬ ቀንበር ማነቆና ማረሻ። በአንዱ ጥቅል ውስጥ ደግሞ የሕፃን ልብስ ነበረ፤ አራት፣ አምስት። ሁሉም ያልታጠበ፣ ያልተለበሰ። ከሥር ያለው እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል፤ ከላይ ያለው ገና የሱቅ ሽታው አልለቀቀውም።

መልሼ ቋጠርኩ። እንጨቶቹን ላስገባ ስል ነው ስህተቴን ያየሁት። የትኛው ከየትኛው እንደነበር አላውቅም። የቱንም ያህል ባስብ አላውቅም።

ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልንገር። በግምት ሰካኋቸው፣ ቆለፍኩ፣ ወጣሁ። አዴ በገበያው ዋዜማ ሲመለሱ ቁልፉን አስረከብኳቸው። «ሰው አልመጣም» አልኩ። እውነት ነበር፤ እውነቱን ግን መሸሸጊያ ነው ያደረግሁት።

በገበያው ቀን መጀመሪያ የመጣው ያ ጭሰኛ ነው። ስባሪውን ሰጠ፤ ገጠመ። አዴ ጥቅሉን ሲሰጡት በእጁ መዘነው።

«አዴ፣ ይሄ የኔ አይደለም። የኔ ብረት ነው።»

«እንጨትህ ገጥሟል እኮ።»

ሰውየው እዚያው ፈታው። ሻሽ ወጣ። ግቢው ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም አየ።

«ማረሻዬ የት ገባ? መሬቱን ወሰዱብኝ፤ የቀረኝ እሱ ነው!»

«አርጅተዋል እኮ» አለ ከኋላ አንዱ፤ «ዓይናቸው ደክሟል።»

«ዓይናቸው ነው ወይስ እጃቸው?» አለች ሌላዋ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ ግማሽ እንጨቷን በጉያዋ ሸሸገችና በተከፈተው በር የራሷን ጥቅል በዓይኗ ትፈልግ ጀመር።

አዴ ሻሹን አዩ፣ እንጨቱን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። ለገጠሩ ገበያተኛ አሥራ ስምንት ዓመት አደራ ጠብቀዋል፤ ኑሯቸው ከዚያ በሚያገኙት እፍኝ ገብስና ቅቤ ነው። ያን ቀን ሌባ ከተባሉ መድረሻ የላቸውም። ይህንን ሁሉ እኔ በሬ ላይ ቆሜ አያለሁ። የእኔ ጥርጣሬ በሕዝብ አፍ እሳቸው ላይ ሲመለስ ሰማሁት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ያልሰሙ ስለነበሩ ደገምኩት። «እኔ ነኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ጥቅሎቹን ፈታሁ። እንጨቶቹን አቀላቀልኩ። የጠፋ ዕቃ የለም።»

ሚስቴ ከኋላዬ ነበረች።

«ሁሉንም ፈታህ?» አሉኝ አዴ።

«ሁሉንም።»

«የፈለግኸውን አገኘህ ታዲያ?»

አዴ ጥቅሎቹን አውጥተው መሬት ላይ ደረደሩ፤ በዚያ ቤት ተጠይቆ የማያውቀውን ጠየቁ። እያንዳንዱ ሰው በጥቅሉ ውስጥ ያለውን በሰው ፊት ይናገር፤ ከዚያ ይውሰድ። ጭሰኛው ማረሻውን አገኘ። አንድ ሽማግሌ ጎሮሮውን ጠርጎ፣ «ሽቶ ነው» አለ። «ለማን እንደሆነ ግን የሚጠይቀኝ የለም!»

«ለአሮጊቷ ሚስትህ እንዳልሆነማ እናውቃለን!» አሉት፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ጋቢው ውስጥ ከቶ አቀርቅሮ ወጣ። ነውር አልነበረም፤ የራሱ ጉዳይ ነው። ያን የራሱን ጉዳይ ከእጁ የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

እንጨቷን የሸሸገችው ሴት ተራዋ ደረሰ። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። በዙሪያዋ የቆሙት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው።

«ያንቺስ ምንድነው?» አሏት አዴ።

«የኔ ይቆይ» አለች።

«ተናገሪ እንጂ፤ ወርቅ ነው እንዴ?» አላት አንዱ።

«ይቆይ አልኩ።» ዘወር ብላ ወደ አጥሩ በር ሄደች።

የሕፃን ልብሱ ጥቅል የእሷ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ብሳሳት የሌላ ሰው ምስጢር በእጇ አደርጋለሁ፤ ዝም ብል ባዶ እጇን ትሄዳለች። ጥቅሉን አነሳሁ፤ በር ላይ ደርሼባት ሰጠኋት። አልፈታችውም። በጨርቁ ላይ በጣቶቿ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ማየቴን እንዳወቀች አወቅሁ። ግማሽ እንጨቷን መሬት ላይ ጥላ ወጣች። ዳግመኛ በዚያ ግቢ አላየኋትም።

አዴ አልከሰሱኝም፣ አከራዩም አላስወጣኝም። ጥቅል የሚያመጣው ሰው ግን ሳሳ። እኔ ወደ ግቢው ስገባ ወሬ ይቆማል፤ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ያስጠጋሉ። እኔ ሰውን በምን ዓይን አይ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከወር በኋላ አዴ ለወንድማቸው ሰደቃ ወደ ሮቤ ሄዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቁልፍ አልሰጡኝም፤ በራቸውንም አልቆለፉም። ገርበብ አድርገው ትተውት ሄዱ። ሦስቱንም ቀን ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ እየተቀመጥኩ ያን ያልተቆለፈ በር ጠበቅሁ።

«ከማን ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ ሚስቴ።

እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋት። መልሱን ታውቀዋለች።