የሦስቱ ዝምታ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥናት እናቶች ለምን ጤና ጣቢያ መጥተው እንደማይወልዱ የሚጠይቅ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ቦንጋ ነው። የአካባቢውን ቋንቋ ካፊኖኖን እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ይስቁብኛል። ስለዚህ አስተርጓሚ ይዤ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ስምንት ሴቶችን ለቡድን ውይይት ሰበሰብኩ። ሦስቱ ማንጆዎች ነበሩ። በእኛ አካባቢ ማንጆ የሚባለው ወገን ከሌላው ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ ጎረቤት ቤት ቢሄድ ከደጅ ይቆማል። ይህን እያየሁ ነው ያደግኩት። የቀበሌ አዳራሽ ግን የሁሉም ነው ብዬ አሰብኩ።

ሦስቱ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ውይይቱ ሞቅ ብሎ አለቀ፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በሳምንቱ የድምፅ ቅጂውን ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ግን የምሰማው አምስት ድምፅ ብቻ ሆነብኝ። አብራኝ ሄዳ ማስታወሻ የያዘችልኝ ረዳት ደግሞ «ሁሉም ተስማሙ» ብላ ጽፋለች።

ለአማካሪዬ ደወልኩ።

«ስምንቱም ተገኝተዋል፣ ፈርመዋል። ጻፊውና ጨርሺ» አሉኝ።

«ያልተናገረን ሰው ተስማማ ብዬ አልጽፍም።»

ጊዜ እንደሌለኝ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነበር። ቢሆንም አስተርጓሚዋን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ።

ከሦስቱ በዕድሜ ትልቋን እንጨት ተሸክማ ገበያ ስትወርድ አገኘኋት። ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳት።

«ቤታቸው በማንገባ ሴቶች ፊት ጠየቅሽን። ምን እንበል?»

«ብቻችሁን ብጠይቃችሁስ?»

«እኛ ሰፈር ነይ። ይቺ ሴት ግን ትቅር፤ እሷም ከእነሱ ናት። የወንድሜ ልጅ አማርኛ ታውቃለች።»

ይህንን የተረጎመችልኝ ራሷ አስተርጓሚዋ ናት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

በቀጠሮው ቀን ጭቃ ውስጥ እየዳከርኩ ደረስኩ። ሰባት ሴቶች ጠበቁኝ። ቆጮና ጎመን አቀረቡልኝና ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ በሐሳቤ አፈርኩ፤ እጄን ታጥቤ በላሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የተጀመረው።

«ምጥ ይዞኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ» አለች አንዷ። «አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረችው ተነሳች። ከእኔ በኋላ የመጡት ቀድመውኝ ገቡ። ቤቴ ይሻለኛል ብዬ ተመለስኩ፤ መንገድ ላይ ወለድኩ።»

«ልጅሽስ?»

«ያቻት» ብላ በግቢው የምትሮጥ ልጅ አሳየችኝ።

ልሄድ ስነሳ ትልቋ ሴት፣ «የጻፍሽውን መጥተሽ ካላነበብሽልን አንፈቅድም» አለች። ጽፌ ሄጄ አነበብኩ። «ጤና ጣቢያ መሄድ አይፈልጉም» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እንፈልጋለን። የማንፈልገው መገፋትን ነው። ሰርዢው።»

እዚያው ሰረዝኩት።

ጥናቱ አንድ ሴሚስተር ዘገየ። ውጤቱን ሳቀርብ አንድ የጤና ኃላፊ «ማንጆን ማግለልማ ድሮ ቀርቷል» አሉ። መንገድ ላይ የወለደችውን ሴት ቃል እንዳለ ደግሜ አነበብኩላቸው። በኋላ ሌላ የጤና ጣቢያ ኃላፊ ለታካሚዎች የተራ ቁጥር መስጠት መጀመሩን ሰማሁ፤ ምን ያህል እንደዘለቀ አላውቅም።

ዘንድሮ ለሌላ ጥናት ወደ ዋጫ ስሄድ ያኔ በሰፈራቸው የተረጎመችልኝን የትልቋን ሴት የወንድም ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ቀጠርኳት። ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ማንጆ መሆኗን አውቃ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ራቀች። ልጅቷ አየቻት፤ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ ደብተሯን ገለጠችና «እንጀምር» አለች።