የባለጨርቁ ሳምንት

አባቴን በሥራ ቦታው «ባለጨርቁ» ይሉታል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ይመስለኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ መስመር ሲዘረጋ ኖሯል። ውጭ ከተተከለው ታንከር ጀምሮ እስከ ሞተሩ ፓምፕ ድረስ ያለው ቱቦ፣ መዝጊያ፣ ፊልትሮና መጋጠሚያ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። ሞተሩን ሌላ ሰው ይተክለዋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሌላ ሰው ይዘረጋዋል፣ የምረቃውን ሪባን ደግሞ ምንም ያልሠራ ሰው ይቆርጠዋል። አባቴ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ሲስተካከል ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። «ደህና ከሠራማ ማን ይፈልገኛል?» ይላል።

ቅጽል ስሙ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ናፍጣ ቆሻሻ አይወድም። ዐይን የማያየው የብረት ብናኝ ሾልኮ ከገባ ፓምፑን ይፍቃል፣ ነዳጅ የሚረጨውን የኖዝሉን ቀዳዳ ይበላል፤ ስንት ብር የወጣበት ሞተር በአንድ ቁንጥር አሸዋ አልጋ ይይዛል። ስለዚህ አባቴ የቱቦ አፍ ከፍቶ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ዞር አይልም፤ ካለም አፉን በነጭ ጨርቅ ወትፎ ነው። ሌሎቹ የፕላስቲክ ክዳን ይጠቀማሉ፣ ክዳኑ ሲጠፋባቸው ያገኙትን ካርቶን ይጠቀጥቃሉ። የሱ ጨርቅ ግን ሌላ ነው። ያረጀ አንሶላ ቀድጄ፣ ክር እንዳይለቅ ዙሪያውን በስፌት መኪናዬ ዘምዝሜ የምሰጠው እኔ ነኝ። ዐሥር ይዞ ይወጣል፣ ዐሥር ይዞ ይመለሳል። ሲወትፍ ጫፉን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ይተዋል፤ ሥራ ሲያበቃ ሰብስቦ አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ቅዳሜ ቅዳሜ አፍልቼ አጥባቸዋለሁ። የእኔ ልብስ እንዲህ ያለ ክብካቤ አግኝቶ አያውቅም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከእኔ፣ ከባሌና ከአምስት ዓመት ልጃችን ጋር። ባሌ በያጅ ነው። አባቴ ከሚሠራበት ድርጅት ያስገባውም ራሱ አባቴ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁለቱም በአንድ በር ይወጣሉ፣ ማታ ሁለቱም ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ በዚያው በር ይገባሉ። አባቴ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚያሰማውን ድምፅ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ቅባት አያለሰልሰውም። ጋዜጣውን ክንዱ እስኪያጥር ድረስ አርቆ ይዞ ያነባል፤ መነጽር ግዛ ብለው «ዐይኔ ምን ሆነና» ብሎ ይቆጣኛል። ጡረታ ውጣ ስለው ደግሞ «ይህችን ሥራ ልጨርስ» ይላል። ይህችን ሥራ ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ያ ሳምንት የመጣው የዱቄት ፋብሪካው ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሞተር፣ በወለሉ ቦይ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ቱቦ፣ በላዩ የሲሚንቶ ክዳን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቴ በዚያ ቦይ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ሲሠራ ከረመ፣ ባሌ ደግሞ ከኋላው እየተከተለ ቱቦውን በየደ። ሰኞ መስመሩ አለቀ፣ ቦዩ ተከደነ። ማክሰኞ አንደኛውን ሞተር አስነሡት። ተነሣ፤ ያለ ሥራ ሲተዉት እንደ ድመት ያንኮራፋል። ወፍጮውን ሲያሸክሙት ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እየተንፈራገጠ ጠፋ። አየሩን አስወጥተው ደገሙት፣ ጠፋ። ፊልትሮ ለወጡ፣ ጠፋ። ነዳጁ በበቂ አይደርሰውም ማለት ነው፤ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቱቦውን አንቆታል።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ብየዳው ወደ ውስጥ ፈስሶ ቱቦውን አጥብቦታል አለ። የባለጨርቁን ሥራማ ማን ይጠረጥራል? ረቡዕ ባሌን ከሥራ አግደው ወደ ቤት ላኩት። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ በያጅ መጥቶ መስመሩን እንደ አዲስ ሊሠራው፣ አሮጌው ቱቦ ተቆራርጦ ለቁራሌው ሊሰጥ፣ ባሌም በዚያው ሊሰናበት ተወሰነ።

ባሌ መጮህ የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ሳምንት ግን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያገጣጠማቸውን ቱቦዎች በጣቱ እየሣለ፣ «ይኼ ደህና ነበር፣ ይኼም ደህና ነበር፣ ይኼ ክርኑ ላይ ያለው ምናልባት…» እያለ ይቆጥራል። ሐሙስ ላይ «ምናልባት እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ። ዐርብ ምናልባቱን ተወው። ልጃችን እንኳ ገብቷት እግሩ ሥር ቁጭ ብላ አሻንጉሊቷን በሹክሹክታ ታጫውታለች።

ቅዳሜ ጨርቆቹን አፍልቼ ገመድ ላይ ሰጣሁ። ዘጠኝ ናቸው። ከባልዲው ሥር አየሁ፣ የሥራ ቱታውን ኪሶች ገለበጥኩ፣ ቦርሳውን አራገፍኩ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። እጄ ላይ ሳሙናው እየደረቀ ቆምኩ። ምንም ሊገባኝ የቀረ ነገር አልነበረም፤ የዚህን ሰው ጨርቅ ሳጥብ ነው ያደግኩት።

ዕለቱን አልተናገርኩም። እሑድ ጠዋት ባሌ ልጃችንን ይዞ ሲወጣ አባቴን በረንዳው ላይ የልጅቷን ጫማ ማሰሪያ ሲሰፋ አገኘሁት። መርፌውን በዳሰሳ ነው የሚያስገባው።

«አባዬ፣ ጨርቆቹ ዘጠኝ ናቸው» አልኩት።

ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ። ዕቃዬን ስሰበስብ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ለአባት የማይባል ብያለሁ። ሰው እንዲህ ጠረጴዛ ላይ ቱቦ እየሣለ ሲያልቅ እያየህ እህል እንዴት ይወርድልሃል አልኩት። ስጨርስ ጫማውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጨርሰሻል?»

«አልጨረስኩም። አንተ ተናገር።»

«ባልሽ አጠገቤ ብረት በመፍጫ ይቆርጥ ነበር፣ ብናኙ እንዳይገባ ብዬ ጨርቁን ጠቅጥቄ አስገባሁት። ጫፉን አላስቀረሁም። ለምሳ ጠሩን። ስመለስ አላየሁትም ልጄ፣ ዐይኔ አላየውም። ገጠምኩት። ማታ ስቆጥር ጎደለ፤ ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታው ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም እኔን ከበው፣ ‹መቼም የባለጨርቁ እጅ እንከን የለውም› ይላሉ። አፌ ተሳሰረ። ከዚያ ረቡዕ ሆነ። ረቡዕ ላይ ደግሞ ለምን ማክሰኞ አልተናገርክም ይሉኛል አልኩ። ደክሞኛል። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው፤ እሱም እንዲሄድ አልፈለግኩም።»

«የእሱስ ስም?»

«እሱ ወጣት ነው፣ ሌላ ቦታ ይቀጠራል አልኩ» አለና ወዲያው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ይህን በአፉ ሲለው ራሱም የሰማው ያኔ ይመስለኛል።

«ነገ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔው እነግራለሁ።»

አላመንኩትም። ምሳ ዕቃ ሰበብ አድርጌ ሰኞ ጠዋት ተከትዬው ሄድኩ።

የሞተሩ ክፍል ግድግዳው በዱቄት፣ ወለሉ በዘይት ተለውሷል። አዲሱ በያጅ ዕቃውን እያወረደ ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ካቦው ፊት ቆመና፣ «ጥፋቱ የበያጁ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ጨርቄን ረስቼበታለሁ» አለ።

ካቦው ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያ ዐይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «አንተ ሰውዬ! ለልጅህ ባል ብለህ ነው አይደል?» አለ። ከኋላው ያሉት፣ «እንዲህ ያለ አማት ይስጠን!» ተባባሉ። አባቴ እውነቴን ነው ይላል፣ እነሱ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። «አንተ ጨርቅ ትረሳለህ? ተው እንጂ፣ እኛን ታሞኛለህ?» ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ ያን ስሙን ለማዳን ሲጨነቅ የከረመ ሰው፣ አሁን ስሙ ራሱ አላስወጣው አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

በመጨረሻ ክርክሩን ትቶ የብረት ዘንግ አነሣ። የሲሚንቶውን ክዳን ፈንቅሎ፣ አንዱ ሠራተኛ እየጎተተለት፣ ቦዩ ውስጥ በሆዱ ተኛ። መጋጠሚያውን ፈታ። ናፍጣው ደረቱ ሥር ፈሰሰ። ጫፉን ያቆለመመው ሽቦ አስገብቶ ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ ሲያርፍ፣ እንደገና ሲፈልግ ብዙ ቆየ፤ ትንፋሹ ከላይ ይሰማል። ሲወጣለት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለካቦው አሳየው። የዘመዘምኩት ጠርዝ እንዳለ ነው።

ካቦው፣ «በቃ? ማንም ሰው ይሳሳታል!» ብሎ ሣቀ። «ሌላ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ቱቦውን ለቁራሌ ያስጭነው ነበር። ሰው ማለት ይህ ነው!» አለ። መጋጠሚያውን አጠበቁ፣ አየሩን አስወጡ፣ ሞተሩን አስነሥተው ወፍጮውን አሸከሙት። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ። አልጠፋም። አንዳንዱ አጨበጨበ። ካቦው እዚያው ስልክ አንሥቶ ባሌን፣ «ነገ ግባ» አለው። አባቴ የፈሰሰውን ናፍጣ ከወለሉ እየጠረገ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባሌ በሩ ላይ ጠበቀን። ካቦው ሁሉን ነግሮታል፤ ካቦው የሚያውቀውን ያህል። ጎንበስ ብሎ የአባቴን ትከሻ ሳመው። ምሳ አቀረብኩ። የሳምንቱን ረኃብ በአንድ ቀን ሊያወጣው መሰለኝ፣ እየበላ ያወራል።

«አባባ፣ እኔ ብሆን አላደርገውም፣ እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት? እንዳወቅክ፣ ሳታድር ሄደህ መናገር! ሌላ ሰው ዝም ይል ነበር።»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ፣ እሑድ ያን ሁሉ የተናገርኩት ሴትዮ፣ ዝም እንዲል ፈለግኩ። ባሌ እየበላ ነበር፤ ልጄ እየሣቀች ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። በዐይኔ ተወው አልኩት። አይቶኛል።

«ሳላድር አይደለም» አለ አባቴ። «ባለፈው ሰኞ ነው ያወቅኩት።»

ባሌ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «የቱ ሰኞ?»

«ቱቦውን የገጠምኩ ዕለት።»

ባሌ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ረቡዕ ሲያባርሩኝ እዚህችው አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርገህ፣ አይዞህ ብለኸኛል።»

«ብዬሃለሁ።»

«ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ባሌ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ እጁን ሊታጠብ ተነሣ። አባቴ አልተከተለውም፣ ይቅርታም አላለም፤ ካለም እኔ ባልሰማሁት ሌላ ቀን ይሆናል። እኔ ምሳውን አነሣሁ።

ዛሬም አብረው ይሠራሉ። ጠዋት በአንድ በር ይወጣሉ፣ ባሌ አባቴ የገጠመውን ሁሉ ከኋላው እየተከተለ ያያል፤ አባቴም ሳይጠየቅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተጣሉ አልልም። ሰላም ይባባላሉ፣ ጨው ይቀባበላሉ። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ግን አባቴ ማንንም አይዞህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ልጄ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ወድቃ ስታለቅስ፣ ከዚያ ከሚያመው ጉልበቱ ጋር ከወንበሩ ይነሣል፣ ሄዶ ያነሣታል፣ አቧራዋን ያራግፍላታል፤ አፉን ከፈት ያደርግና መልሶ ይዘጋዋል።