በረኪና ያልነካው አጎበር

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ በረኪና» ይላታል፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ አጥባ አንድ ልጇን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። የሐኪሙ ጋወን፣ የዳቦ ጋጋሪው ሽርጥ፣ የሆቴሉ አንሶላ በእጇ ካለፈ ጥርስ መስሎ ይወጣል። «እድፍና እኔ አንድ ጣራ ሥር አናድርም» ትላለች። ያቃታት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የባሏ አጎበር ነው።

ባሏ አናጢ ነው። ማንኮራፋቱ ስለማይቻል አልጋው ጓዳ ነው፣ ከመጋዙና ከመሮው ጎን። ጤና ጣቢያው ለየአልጋቸው ሰማያዊ አጎበር ሲሰጣቸው የራሱን ሰቀለና «ይቺን እንዳትነኪብኝ» አላት። አጎበሩ ስድስት ወር የእንጨት ብናኝ ጠጥቶ አመድ መሰለ።

«አጎበር ነው ወይስ የከሰል ጆንያ?» ትለዋለች።

«ቢምቢ ለጽዳት ቁጥጥር አትመጣም።»

«አንተ እያንኮራፋህ መቼ ትጠጋና።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጃቸው ልትወልድ እናቷ ዘንድ መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያ እርግዝናዋን ወባ ነጥቋታል። እናት የዚያን ጊዜ ለቅሶዋን አልረሳችም፤ ስለዚህ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት። አጎበሩንም በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ በበረኪና አሽታ የቀትር ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊው ሸሽቶ ነጣ። ሰቅላ ስትጨርስ ፈቀቅ ብላ አየችው፤ የሙሽራ ዓይነርግብ ይመስላል።

በማግስቱ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነፍሰ ጡሯን ልታይ መጣች። አጎበሩን በሁለት ጣቷ ይዛ አሸተተችው።

«እትዬ፣ እኔ የሰጠሁዎት ሰማያዊ ነበር።»

«አጥቤው ነው ልጄ። አየሽ እንዴት እንደሆነ?»

«አየሁ። ጨርቁ አለ፤ መድኃኒቱ ግን ከበረኪናው ጋር ሄዷል። ቢምቢዋ ስታርፍበት የሚገድላት እኮ እሱ ነው። አሁን ልጅዎ ተኝታ ክንዷ አጎበሩን ቢነካ፣ ቢምቢዋ ውጭ ሆና በጨርቁ አሳልፋ ትነድፋታለች።»

እትዬ በረኪና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን አየቻቸው። በእነዚህ እጆች ነው ያጠበችው።

«ሌላ ስጪኛ» አለች በቀስታ።

«አልቋል። ከሁለት ወር በፊት አይመጣም።»

ልጅቷ የቀሯት አምስት ሳምንታት ናቸው።

አናጢው ይህን ሁሉ ከጓዳ ሰምቶ ኖሮ አጎበሩን በብብቱ ሸጉጦ ብቅ አለ። «ይኸው፣ ውሃ ነክቶት አያውቅም።»

«አንተንስ አባዬ?» አለች ልጁ፤ እናቷ እንኳ ሳትወድ ሳቀች።

ባለሙያዋ ብናኙን ግቢ አውጥታ አራገፈችና አጎበሩን ወደ ብርሃን ዘረጋችው። ግርጌው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። «የዚህ መድኃኒት እንዳለ ነው። ቀዳዳዋን ይስፏት፣ ጠርዙንም ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ይወትፉት። የግድ መታጠብ ካለበት በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ቀስ ብለው ይጠቡት፤ ጥላ ላይ ይድረቅ።»

«አልነካውም» አለች እትዬ በረኪና።

ቀዳዳዋን ስትሰፋ መርፌው ሦስት ጊዜ ወጋት። ነጩ ለባሏ ደረሰ። «በስተርጅና ሙሽራ አደረግሽኝ» አላት፤ እሷም ጠርዙን አጥብቃ ወተፈችለት። ከዚያ ወዲህ ምሽት በመጣ ቁጥር የልጇን አልጋ በመዳፏ እየዳሰሰች ትዞራለች። «ጌታዬ፣ እኔ ጠርዙን ወትፌአለሁ፤ የቀረውን አንተ ጠብቅ» ትላለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ደሟ ተመረመረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወባ የለም ተባለ። በስድስተኛው ሳምንት መግቢያ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ የምትመዝን ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጡ። አንዷ ሕፃኗን አይታ ስታበቃ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደና አመድማው አጎበር ላይ ቀረ።

«ምነው እትዬ፣ በአንቺ ቤት ደግሞ ይሄ ምንድነው?»

እትዬ በረኪና የልጅ ልጇን ታቅፋ ቀና አለች። የሆቴሉን አንሶላ ለባለቤቱ ስታስረክብ እንዲህ ነው ቀና የምትለው።

«እሱን» አለች «እኔ ራሴ ነኝ ያላጠብኩት።»