ነጥቤ እንዳይባክን

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ማክዳ ኮተቤ ወዳለው ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደርሷል። ምርጫው አሁን በስልክ ነው የሚሞላው። ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

"አክስቴ፣ ውጤቴ ባዮቴክኖሎጂ ያስገባኛል። እኔ ግን ደስ የሚለኝ ጀነራል ባዮሎጂ ነው። እሱን ብሞላ ነጥቤ አይባክንም?"

ነጥብ ማባከን የሚባለው ነገር የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ አለ። በእኛ ጊዜ ተማሪ የሚወደውን ሳይሆን ነጥቡ የሚፈቅድለትን ከፍተኛውን ክፍል ነበር የሚመርጠው። ዝቅ ያለውን የመረጠ እንደ ሞኝ ይታይ ነበር። እኔም ሞኝ ላለመባል ያደረግኩት ነገር አለኝ፤ ለማክዳ የነገርኳት እሱን ነው።

ያኔ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከዳገቱ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ የመጀመሪያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፤ በዚያ ዓመት ማይክሮባዮሎጂ የሚባል አዲስ ክፍል ተከፈተ። የሚቀበለው ሃያ አምስት ሰው ብቻ ስለሆነ ሁሉም ተሻማበት። ጀነራል ባዮሎጂ ግን ሌላው ክፍል ያልወሰደውን ሁሉ ይቀበላል፤ መጨረሻውም አስተማሪነት ነው እየተባለ ይናቅ ነበር። እኔ ወድጄው ነበር። አንድ ነገር ላይ ረግቼ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ እንቁራሪት ካየሁ ነገ ዛፍ ላይ የሚበቅለው ሽበት ያማረኛል፣ ከነገ ወዲያ የወፍ ጎጆ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ነስራ የእኔ ተቃራኒ ነበረች። አባቷ ከስልጤ መጥተው ካራ ሱቅ ከፍተዋል። አንድ ክረምት ሁለት ወንድሞቿ በጉድጓድ ውሃ ታይፎይድ ያዛቸው። ሁለቱም ተረፉ፤ የታናሹ ጆሮ ግን ከዚያ ወዲህ በቅጡ አይሰማም። "ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ" ትለኝ ነበር። "ሳየው ኩልል ያለ ነበር።" ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የዕፅዋት መምህራችን እንጦጦ ይዘውን ወጡ። ባሕር ዛፉን አልፈን አገር በቀሎቹ ጥድና ወይራ ወደቀሩበት ገደል ጫፍ ደረስን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ጫማችን ላይ እየተለጠፈ እግራችን ከበደ። እኔ እንደ ልጅ ቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ እጄን እሾህ ቧጨረው። ቀን ላይ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በላን፤ መምህሩ ጋደም አሉ። ይሄኔ የክፍላችን ተጠሪ ሙሉጌታ ደብተሩን ከፈተ።

ምደባው ከመውጣቱ በፊት ተማሪው እርስ በርሱ የሚመዳደብበት ልማድ ነበረን። ሁሉም ነጥቡንና አንደኛ ምርጫውን ይናገራል፤ ተጠሪው በተርታ ይጽፋል። ከዋናው ምደባ ብዙም አይለይም ነበር። ይህን ማወቅ የግድ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ የሚሞላው አንደኛ ምርጫቸው ባደረጉት ነው። አንደኛው ያመለጠው ሰው ሁለተኛው ሞልቶ ይጠብቀዋል።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ማይክሮባዮሎጂ ብዬ አስመዘገብኩ። ሙሉጌታ ተርታውን አነበበ። እኔ አሥራ ዘጠነኛ። ነስራ ሃያ ስድስተኛ።

ነስራ የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። "እንግዲህ የሕክምና ላቦራቶሪን አንደኛ አደርገዋለሁ" አለች። "እሱ ይደርሰኛል። ቢያንስ ማይክሮስኮፕ አላጣም።"

"ሙሌ፣ እኔን ሰርዘኝ" አልኩ። "ጀነራል ነው የምሞላው።"

"የምርሽን ነው?"

"የምሬን ነው።"

የምሬን ነበር። ሙሉጌታ ስሜን ሰረዘ፤ ነስራ ሃያ አምስተኛ ሆነች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ቁልቁለቱን ስንወርድ አፏ አላረፈም። ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ ካራ ጉድጓዶች፣ ስለ ወንድሟ አወራችኝ። እኔም ራሴን እንደ ደግ ሰው እያየሁ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ስናገር ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽም እዚያው ነበሩ። "ይህን ሁሉ ነጥብ ይዘሽ የተራረፈ የሚገባበት ክፍል? ታዲያ ምን አለፋሽ?" አሉኝ። እሳቸው አላስጨነቁኝም። ያስጨነቀኝ አባቴ ነው። ጋዜጣውን አጠፈና፣ "እኔ አላስገድድሽም" አለ። "ብቻ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አዲሱ ክፍል ልትገባ ነው ብዬ ነግሬያቸው ነበር።" ከዚያ ጋዜጣውን መልሶ ዘረጋ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር፤ እከራከረው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቅጹን ለማስገባት ተሰለፍን። ያካፋል። ነስራ ከኋላዬ ቆማ ወረቀቷን በፌስታል ሸፍናለች፤ ማይክሮባዮሎጂን አንደኛ አድርጋ ሞልታ ነው የመጣችው። እኔ የራሴን መስኮቱ ጋ ደርሼ፣ በግራ እጄ ከልዬ ጻፍኩ። ማይክሮባዮሎጂ።

"ሞላሽ?" አለችኝ።

"ሞላሁ" አልኳት። መቼም ውሸት አይደለም እያልኩ እስከ ቤቴ ሄድኩ።

ምደባው ሲለጠፍ አብረን ነበርን። ነስራ የማይክሮባዮሎጂን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበበች። ሁለተኛውን በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ስሜ ላይ ቆመች። የሕክምና ላቦራቶሪ ሞልቷል፤ እሷን ጀነራል ባዮሎጂ ጥለዋታል።

"ብትነግሪኝ ኖሮ ላቦራቶሪውን እሞላ ነበር" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ስለ አባቴ ማስረዳት ጀመርኩ።

"አባትሽን አላውቃቸውም" አለች። "እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።" ከዚያ በኋላ ሌላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች።

እኔ ተመርቄ አንድ የጁስ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ገባሁ፤ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። ሥራዬን አልጠላውም። መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ማየት አሰልችቶኝ ነበር፤ በኋላ ገባኝ፣ አንድ የሚባለውም ነገር ውስጡ ብዙ ነው። ነስራ አስተማሪ ሆነች፤ ጎበዝ አስተማሪ ናት ይላሉ። ከጥቂት ዓመት በፊት የኮተቤ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰላም ካለችኝ በኋላ ስለ ሥራዬ ነው የጠየቀችኝ። ናሙናውን በምን ሙቀት እንደምናቆይ፣ ባክቴሪያውን ከስንት ሰዓት በኋላ እንደምንቆጥር፣ ምን ምን እንደምናገኝ። እንደ ተማሪ ዓይኗን ሳትነቅል ነበር የምትሰማኝ። አልቻልኩም፤ መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ይህን ሁሉ ለማክዳ ነገርኳት። ጠባብ የሆነውም ሰፊ የሆነውም ትምህርት እንደሚያኖር፣ ነጥብም እንደማይባክን፣ የባከነው የእኔ ቃል እንደሆነ ነገርኳት። ስልኳ ላይ ጀነራል ባዮሎጂን አንደኛ አድርጋ ሞላች። እሱ አላስደነቀኝም። ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው ያቃተኝ።

"ይቅርታ ጠየቅሻት?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ስልኳ አለሽ?"

"አለኝ።"

ዛሬ ሐሙስ ነው። ገና አልደወልኩላትም።