ፎጣዬን የፈታሁባት ኮረብታ

ኮረብታዋ ካርታ ላይ ስም ይኑራት አይኑራት አላውቅም፤ እኛ ጎባጣዋ እንላት ነበር። «ያዟት፣ እንዳትለቋት» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ወጣን። ያዝናት። አልለቀቅንም።

ይህን ያስነሳችኝ የልጅ ልጄ ማስተዋል ናት። ቡሬ ካምፓስ ትማራለች። ባለፈው ሰንበት ጅጋ ቤቴ ድረስ መጥታ አንድ ልብ ወለድ አነበበችልኝ። ነገሩ የቻይኖች የጥንት ተረት ነው አለች፤ አንዲት ልጅ ባረጀ አባቷ ፈንታ ወንድ መስላ ትዘምታለች። አንብባ ስትጨርስ፣ እምዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ሊሆን ይችላል ወይ ብላ አትጠይቀኝ መሰላችሁ! እኔን! ለነገሩ አልፈርድባትም፤ የጦር ሜዳ ወሬ እቤቴ አላስገባም ነበር። እንግዲህ ዛሬ ስሙ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቀበሌው ለሚሊሺያ ሰው ሲመለምል ዕጣው አባቴ ላይ ወደቀ። አባቴ በሬ ወግቶት አንድ እግሩ አይታጠፍም። ወንድም የለኝም። ምትክ ካላመጣህ አንተው ትሄዳለህ አሉት። ከሄደ እንደማይመለስ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጸጉሬን ተላጨሁ፤ ጥሩዬ መባሌ ቀርቶ ጥሩነህ የሚባል የሩቅ ዘመድ ልጅ ሆንሁ። ያስቸገረኝ የአንገቴ ንቅሳት ነበር። በእኛ አገር በዚያ ጊዜ አንገቷን ያልተነቀሰች ልጃገረድ ማን ነበረች? ወንድ ደግሞ እንደዚያ አይነቀስም። ፎጣ ጠመጠምሁበትና እከክ ነው፣ ይጋባል አልሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ የመረመረን ሰው ጥርሴንና እግሬን አይቶ አሳለፈኝ። ያን ፎጣ ፍታ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የአባቴ ነገር በዚያው ያበቃ ነበር።

ከተመደብሁበት ጓድ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይቀርቡኝ ነበር። አሥር አለቃ ደምሴ የቡሬ ሰው ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው። ይበልጣል የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ የእሱ አፍ ደግሞ አያርፍም። የጥሩነህ ጢም ገና መንገድ ላይ ነው እያለ ያስቅብኛል። እኔም፣ ያንተስ ጢም ለቅማል ማደሪያ ካልሆነ ምን ሠራ እለዋለሁ።

ጎባጣዋ ላይ በወጣን ማግስት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከባድ መሣሪያ ይወርድብን ጀመር። ከዚያ የጠላት እግረኛ መጣ። መለስነው። ረፋድ ላይ እንደገና መጣ። መለስነው። ቀትር ላይ ውኃ አለቀ። የመትረየሱ አፈሙዝ ግሎ አላስነካ አለ። ይበልጣል ከጎኔ ነበር።

«ጥሩነህ፣ እናቴ ሩቅ ናት። ብሞት ማን ሙሾ ያወርድልኛል?» አለኝ እየሳቀ።

ዝም ብለህ ተኩስ አልሁት። ሳይመሽ ወደቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተኩሱ ራቀ። የወደቁብንን አምስት ሰዎች ምሽጉ ውስጥ አስተኝተን አፈር ልናለብስ ስንል፣ የመቶ አለቃው ለቅሶ እንዳይሰማ ብሎ አዘዘ። የሠራዊቱን ሞራል ይሰብራል አለ። በእኛ ዘንድስ ቢሆን ወንድ ይፎክራል እንጂ መቼ ሙሾ ያወርዳል? ሙሾ የሴት ነው። እናቴ በጅጋና በዙሪያዋ የምትጠራ አልቃሽ ነበረች። ሳይለቀስለት የተቀበረ ሰው ከከብት በምን ይለያል ትል ነበር። አፈሩ የይበልጣል ፊት ላይ ሲያርፍ ፎጣዬን ፈታሁ። እንደ እናቴ በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝሁትና ድምፄን ለቀቅሁት።

«ፈረስ ቤት ተቀምጣ ስትጠብቀው እናት፣
መርዶው ሳይደርስባት ለቅሶውን ቀደምኋት።»

አባቱን ጠራሁ፣ አገሩን ጠራሁ፣ ያን የማያርፍ አፉን ጠራሁ። ድምፄ የሴት፣ አንገቴ የሴት። አካፋው ሁሉ ቆመ። የመቶ አለቃው ሽጉጡን ይዞ ደረሰ።

«ማን ነው ይሄ?»

«ሴት ነኝ። ጥሩዬ እባላለሁ። አራት ይቀሩኛል፣ ልጨርስ» አልሁት።

ያ ዝምተኛው ደምሴ አካፋውን ጥሎ ከጎኔ ቆመና ሙሾውን ተቀበለኝ። ከዚያ ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ሁሉም። ያ ሁሉ ጢማም ወንድ እንደ አገር ቤት ለቅሶ ደረቱን እየደቃ ተቀበለኝ። አምስቱንም በየስማቸው አልቅሼ ጨረስሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰ። የመቶ አለቃው ነገ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ አለኝ። ብመለስ ወሬው ቀበሌ ይገባል፣ አባቴን ይወስዱታል። ይህንኑ ነገርሁት። አልለመንሁትም፤ ነገርሁት።

«ዛሬ ይህችን ኮረብታ ከያዙት አንዷ እኔ ነኝ። መሣሪያዬን አልፈታም። ካሻዎት እዚሁ ከአምስቱ ጋር ይደባልቁኝ።»

ብዙ አየኝ። አንገቴንም አየ። ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰ።

«ጥሩነህ፣ ፎጣህን እሰር» አለኝ።

አሰርሁ። ከዚያ ወዲያ በየኮረብታው ሰው ሲወድቅብን ደምሴ ይመጣና «ጥሩነህ፣ ፎጣህን ፍታ» ይለኛል። እፈታለሁ። አለቅሳለሁ። መልሼ አስራለሁ። ከመቶው ውስጥ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አባቴ አርጅቶ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አልጋው ሞተ። ሴት ጦር ሜዳ ምን ትሠራለች የሚሉኝ ዛሬም አሉ። ይህን ሠራሁ።

የማስተዋል መጽሐፍ ደግ መጽሐፍ ነው። ንጉሡ ልሹምሽ ሲላት እምቢ ብላ አገሯ ስትገባ ደስ ብሎኛል። ግን አብረዋት የወደቁትን ማን አለቀሰላቸው? ገጹን እየመለሰች እንድትፈልግ አደረግኋት። የለም። ያን ጊዜ ነው፣ መጽሐፉን እጠፊውና እኔን ስሚኝ ያልኋት።

ጎባጣዋ ላይ አምስት ቀበርን። ከዚያ ወዲያ የቀበርናቸውን በስም አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ሳልጠራ የቀበርሁት የለም። ደምሴም ከእነሱ አንዱ ነው። መጨረሻ የወደቀው የመቶ አለቃው ነበር። ያን ቀን ፎጣህን ፍታ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ራሴ ፈታሁት።